ልጆቻችን በባዕድ ከተማ፤ አጥቢያችንስ የት ነበረች?

በጥሊሊ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «በባዕድ ከተማ እየሠሩ መኖር» የሚል ነው። ርእሱ ሲነገረን በመጀመሪያ ያሰብነው፣ ይህ ጉዳይ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የኤጀንሲ እንጂ ከደጀ ሰላም ጋር ምን አገናኘው ብለን ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን አንድ የዕቃ ቤት መዝገብ ነው።

ከወራት በፊት ለምንጭ ማጎልበት ሥራ ወደ አንዲት የገጠር አጥቢያ ወርደን ሳለ ዝናብ ያዘንና ከዕቃ ቤቱ ጥላ ሥር ተጠጋን። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የስጦታውን መዝገብ አውጥተው በደስታ ያሳዩን ጀመር። «መጋረጃ፣ አንድ፤ ከዓረብ አገር። ድባብ፣ ሁለት፤ ከዓረብ አገር። ቆርቆሮ፣ አርባ፤ ከዓረብ አገር።» ይህ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሰባት ጊዜ ተጽፏል። የሰጪዎቹ ስም ግን የለም። «እነማን ናቸው?» ብለን ስንጠይቃቸው የአባቶቻቸውን ስም ጠሩልን። «ልጆቹስ በየት ከተማ ይገኛሉ?» ስንላቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ዓረብ አገር ነዋ!» አሉን። ሁላችንም ሳቅን። ወደ ጥሊሊ ስንመለስ ግን ሳቁ በጉሮሯችን ላይ ቀረ፤ እኛም ብንሆን በየጊዜው በምንጽፈው ሪፖርት «ከዓረብ አገር ተመላሽ» እያልን በቁጥር ከማስቀመጥ ያለፈ ነገር አላደረግንምና።

ስለዚህ በቅድሚያ አንድ ነገር እናስተካክል። ዓረብ አገር የሚባል አንድ አገር የለም። ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ኩዌት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕግ፣ የየራሳቸው ሙቀትና ብርድ፣ የየራሳቸው የዓረብኛ አነጋገር ያላቸው ናቸው። ሪያድ በበጋዋ ከ40 ዲግሪ በላይ የምትግል በረሃ ውስጥ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን ማቋቋምም ሆነ በግልጽ መቀደስ አይፈቀድም። ቤይሩት ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች፣ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም የሚኖሩባት፣ በእሑድ ጠዋት የደወል ድምፅ የሚሰማባት ናት። አንዲት እኅታችን እንዳጫወተችን፣ በቤይሩት በሰባተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ ምንጣፍ እያራገፈች ደወሉን ለሁለት ዓመት ሰምታዋለች፤ ደወሉ ወዳለበት ቦታ ግን አንድም ቀን አልሄደችም፤ ቁልፉ በእመቤቲቱ እጅ ነበርና። ከአንዲቱ ከተማ ወደ ሌላዪቱ የሚሻገረውን ልዩነት ሳናውቅ ለልጆቻችን ምክር እንሰጣለን ማለት፣ የዘሩን ዓይነት ሳይለዩ ማሳ እንደማረስ ይሆናል።

ከተሞቹ ቢለያዩም አንድ የሚያደርጋቸው ሥርዓት አለ፤ ስሙ «ከፋላ» ይባላል። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። አሠሪው «ከፊል» ይባላል፤ የእርሱን ቤት ጥላ ከወጣች ፈቃዷም አብሮ ይወድቃልና በዚያው ሰዓት ሕገ ወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷን አሠሪው መያዙ በብዙ ቦታ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም የተለመደ ነው። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ወላጆች «ለምን ትታ አትመጣም?» ብለው ሲጠይቁ ይህን ማወቅ አለባቸው። በሩን ከፍቶ መውጣት ከጥሊሊ መናኸሪያ አውቶቡስ እንደመሳፈር ቀላል አይደለም።

ይህ ሥርዓት በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርግ በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት በግልጽ ታየ። የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፤ ወረርሽኙም ተጨመረ። ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ሴቶቹም በእግረኛ መንገድ ላይ አደሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በወደቡ ላይ የደረሰው ፍንዳታ ከተማዋን ሲያናውጥ ብዙዎቹ ገና አገራቸው አልገቡም ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የእፎይታ ጊዜ ሲያበቃ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። መንግሥታችንም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ለሥራ ወደዚያ መሄድን አግዶ፣ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። እገዳው በነበረበት ዘመን ጉዞው ቆመ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በመተማ በኩል የሄዱትን ልጆች ስም በየቤታችሁ ታስታውሳላችሁና።

እንግዲህ «አትሂዱ» ብለን ብቻ አንመለስም። አባት የዲከረንስ ደኑን ለከሰል ሸጦ ለጉዞ ወጪ ካዋለ በኋላ፣ ወይም ድንቹ ዋጋ አጥቶ ዕዳው ከተቆለለ በኋላ የእኛ «አትሂዱ» ማለት ሰሚ የሌለው ስብከት ይሆናል። መሄዷ ካልቀረ አጥቢያዋ እንዴት ትሸኛታለች፣ በዚያስ ሳለች እንዴት ታስባታለች፣ ስትመለስስ እንዴት ትቀበላታለች፤ ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

አዲስ የሄደች ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የምትጋጨው ከከተማዋ ጋር ሳይሆን ከአንድ ቤት ጋር ነው። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ገብታ ከተማዋን የምታያት በኩሽና መስኮት ብቻ ነው። ተመላሾቹ እኅቶቻችን ደጋግመው እንደነገሩን እጅግ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት ሥራው ብዛት ስላለው ብቻ አይደለም የሚከብደው፤ ሁሉም ነገር ስም የሌለው ዕቃ ስለሚሆንባት ነው። የጋዝ ምድጃ፣ አሳንሰር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ለመስተዋት አንድ ፈሳሽ፣ ለመጸዳጃ ቤት ሌላ ፈሳሽ። እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንናገር፤ ሕይወት የሚያድን ነውና። ክሎሮክስ የሚባለውን ማንጪያ አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል መርዛም ጋዝ ያወጣል። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይህን የቀላቀለች ልጅ ሳንባዋ ይጎዳል፤ ልትሞትም ትችላለች። «ሁለቱን አንድ ላይ ባደርጋቸው ይበልጥ ያጸዳሉ» ብላ በትጋቷ የምትጎዳ ልጅ አለች። እንዲሁም ከፎቅ መስኮት ውጭ ወጥቶ መስተዋት ማጽዳት ትእዛዝ ቢሆንም እንኳ እምቢ ሊባል የሚገባው ነገር መሆኑን ከዚህ ሳለች ትስማ። ይህን ከማን ትሰማለች? ደላላው አይነግራትም።

ሰዓቱም አለ። የሪያድ ፀሐይና የጥሊሊ ፀሐይ የሚወጡት በተቀራራቢ ጊዜ ነው፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የሰዓት ክልል ልዩነት የለም። ቁጥሩ ግን በስድስት ይለያያል። እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነርሱ ሰባት ይሉታል። «በሰባት ልጆቹን ቀስቅሽ» የተባለች ልጅ የእኛን ሰባት ሰዓት ስትጠብቅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ እርሷም በመጀመሪያው ሳምንቷ «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣላታል። ይህን በዐሥር ደቂቃ ማስተማር ይቻላል። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ ውሏ የተጻፈው በእነርሱ አቆጣጠር ስለሆነ የሁለት ዓመቱ ውል መቼ እንደሚያበቃ በእኛ ቀን አስልታ በልቧ ትያዘው።

ቋንቋን በተመለከተ ለእናንተ ለካህናት የምሥራች አለን። ልጆቻችን በቤት አውኚ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አማርኛ ሲናገሩ ያደጉ ስለሆኑ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መሻገር አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ከዚህም በላይ ግእዝ የምታውቁ አባቶች ሳታስቡት የዓረብኛ መምህራን ናችሁ። ቤት በዓረብኛ «በይት» ነው። ዐይን «ዐይን» ነው። ራስ «ራስ»፣ ነፍስ «ነፍስ»፣ ስም «ኢስም»፣ እድ «የድ» ወይም «ኢድ»፣ ሌሊት «ለይል» ነው። ውኃን በግእዝ ማይ እንላለን፤ በባሕረ ሰላጤው አነጋገርም «ማይ» ይባላል። ከሰዓታቱና ከዳዊቱ ሠላሳ ያህል እንዲህ ያሉ ቃላትን መርጦ ለመንገደኛ ልጅ ማስጠናት የማንንም በጀት አይጠይቅም። አንድ ቃል ላይ ግን እንድትጠነቀቁ እንለምናለን፤ እርሱም ከልብ ነው። አንዲት እኅት በመጀመሪያዋ ወር እመቤቷ ተቆጥታ «ከልብ!» ስትላት «ከልብ ሥሪ ማለቷ ነው» ብላ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በፈገግታ ትቀበል ነበር። የግእዙ ከልብ በዓረብኛም ያው ውሻ መሆኑን ያወቀችው ከወራት በኋላ ነው። ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነበር፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

ወደ ስም ጉዳይ ስንመጣ በመጽሐፍ የምናውቀው ታሪክ አለን። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ወደ ባቢሎን በተማረኩ ጊዜ መጀመሪያ የተወሰደባቸው ስማቸው ነበር፤ ዳንኤል ብልጣሶር ተባለ። ዮሴፍም በግብፅ ሌላ ስም ወጥቶለታል። በእኛ ዘመን ደላላ ለፓስፖርት እንዲመች ብሎ ስሟንም ዕድሜዋንም ይለውጣል። ማዕተቧን ከአንገቷ ፈትታ ሻንጣ ውስጥ የደበቀች፣ ወይም ለእናቷ ትታ የሄደች ብዙ ናት። ከዚያም ቤት ስትገባ እመቤቲቱ ለአጠራር የሚቀላትን ሌላ ስም ትሰጣታለች። ስለዚህ አንዲት ልጅ በፓስፖርት አንድ፣ በቤቱ ውስጥ ሁለተኛ፣ በእናቷ አፍ ሦስተኛ ስም ይዛ ትኖራለች። የክርስትና ስሟን የሚያውቀው ማነው? ካህኑ ነው። የተለወጠ ስም የሚያስከትለው ችግር ደግሞ መንፈሳዊ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ ብትታመም፣ ብትታሰር ወይም ብትሞት፣ ቤተሰብ በሚያውቀው ስም ሲፈለግ በዚያ ስም የተመዘገበ ሰው አይገኝም። በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው ስም ምን እንደሆነ ቤተሰቧ የማያውቅ ልጅ ጠፍታ ለመፈለግ የሚያስቸግረውን ያህል የሚያስቸግር ነገር የለም።

ዮሴፍን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ስለ ዮሴፍ በምንሰብክበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የምንቸኩለው ወደ ዙፋኑ ነው። ነገር ግን ዮሴፍ በባዕድ ከተማ የቤት ሠራተኛ ነበር፤ በእመቤቱ በሐሰት ተከሰሰ፤ ያለ ጠበቃ ወኅኒ ወረደ፤ «አስበኝ» ያለው ሰውም ረሳው። ይህ ክፍል ለልጆቻችን ከዙፋኑ ይልቅ ይቀርባቸዋል። አጋርም ከእመቤቷ ፊት ሸሽታ በምድረ በዳ የተገኘች ገረድ ነበረች፤ በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከየት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ መጠየቅ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ደግሞ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ደብዳቤ መላኩን በምዕራፍ 29 እናነባለን። በኢየሩሳሌም ያለ ነቢይ በስደት ላሉት ደብዳቤ ጻፈ። እኛስ? የዕቃ ቤቱን መዝገብ እንመልከትና እንመልስ፤ መጋረጃ ተቀብለናል፤ ደብዳቤ ግን አልላክንም።

ስለ ጾም ከየአጥቢያው የሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። «ልጄ ከእነርሱ ድስት እየበላች ነው፤ ጾሙ እንዴት ይሆናል?» የምትል እናት በዐቢይ ጾም ሳምንታት ሁሉ አለች። እኛ ዲያቆን እንጂ ሥርዓት ሠሪ አይደለንምና ፍርዱን ለአባቶች እንተዋለን። ያየነውን ብቻ እንናገራለን። አንዳንዶቹ ልጆች እንደ ዳንኤል በአትክልትና በውኃ ለመቆየት ይሞክራሉ፤ በቀን እስከ ዐሥራ ስድስት ሰዓት እየሠሩ ይህን ሲያደርጉ ራሳቸውን ስተው የወደቁ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ቀን ስለ ገደፉ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ብለው ጸሎቱንም ሁሉን ይተዋሉ። ሁለቱንም የሚጠብቃቸው ከንስሐ አባታቸው የሚመጣ አንድ የስልክ ቃል ነው። ከመሄዷ በፊት ከንስሐ አባቷ ጋር ተቀምጣ «እንዲህ ቢሆን እንዲህ አድርጊ» የሚል ፈቃድና ቀኖና ተቀብላ ብትሄድ ሸክሙ ምን ያህል ይቀልላት ነበር! ዕረፍቷ ዓርብ ቢሆን፣ ወይም ጭራሹኑ ዕረፍት ባይኖራት፣ እሑድን እንዴት ታስብ? ይህን የሚመልስላት ካህን እንጂ ደላላ ወይም የፌስቡክ ሰባኪ ሊሆን አይገባም።

አሁን ደረቅ ወደሆነው ጉዳይ እንለፍ፤ በአጭሩ እንናገረዋለን። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቶ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። ልጅቱ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ የምትሄድበት አገር ከኢትዮጵያ ጋር የሥራ ስምምነት ያለው፣ ላኪው ኤጀንሲም ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድንን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። እርሷ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ሰርተፍኬት፣ ለሙያ ብቃት ማረጋገጫና ለመሳሰሉት ብቻ ነው። እንግዲህ አባት ደን ሸጦ፣ ከብት ሸጦ ለደላላ «የቪዛ» ብሎ የሚከፍለው ገንዘብ ሕጉ የማያውቀው ገንዘብ ነው። ሰውን መነገድና በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ይህን ስንናገር የሚያስቸግረን፣ ደላላው ከሩቅ የመጣ ሰው አለመሆኑ ነው። የክርስትና አባት ነው፤ የማኅበር ጠጪ ነው፤ አንዳንዴም ከዚሁ ከጉባኤው መካከል የተቀመጠ ነው። አባቶች ሆይ፣ ይህን ነገር ለፖሊስ ብቻ አትተዉት።

ሦስት ወረቀቶች በሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ የፓስፖርቱ፣ የውሉና የኤጀንሲው ፈቃድ ቅጂ። አንዱ በቤተሰብ እጅ፣ ሁለተኛው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ። ስልኳ ሊነጠቅ ስለሚችል ሁለት ቁጥሮችን በቃሏ ትያዝ፤ አንዱ የቤቷ፣ አንዱ የኤምባሲው ወይም የቆንስላው። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሕፃን ባለበት አገር ሁለት የስልክ ቁጥር ማስያዝ ይከብዳል አንልም።

ስለ ገንዘብ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በአዳራሹ ያሉ አባቶች ፊት ሲለወጥ እያየን ስለሆነ በአንድ ታሪክ እናልፈዋለን። አንዲት እኅት በአምስት ዓመት የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም ባጃጅ፣ በአባቷ ስም ቤት፣ በቀረውም የታላቅ እኅቷ ሠርግ ሆኖ ጠበቃት። ማንም ሊበድላት አላሰበም፤ ሁሉም በፍቅር ነበር። እርሷ ግን ስትመለስ በራሷ ስም የተመዘገበ አንዲት ዶሮ እንኳ አልነበራትም፤ ከስድስት ወርም በኋላ ተመልሳ ሄደች። ከመሄዷ በፊት በስሟ የባንክ ሒሳብ እንዲከፈትና ከምትልከው ላይ የተወሰነው እንዳይነካ በሽማግሌ ፊት መስማማት፣ ጋብቻን በሽማግሌ ለምንፈጽም ሕዝብ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውም ቢሆን በዚህ ውስጥ ይታሰብ። ከ1,000 ሪያል ደመወዝ ላይ አርባ ቆርቆሮ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ አስበን እናውቃለን? ስእለቷን እንቀበል፤ ግን «ለአንቺስ ተርፎልሻል ወይ?» ብለን ጠይቀን እንቀበል።

በመጨረሻ የመመለሱን ነገር እናንሣ። በዚህ ላይ የምንናገረው የራሳችንን ጥፋት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለተመላሾች የተዘጋጀ የዶሮ እርባታ ሥልጠና በምንሰጥበት ጊዜ አንዲት ወጣት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስሟን ስንጠራ አትመልስም። ሦስት ጊዜ ጠራን። ተቆጣን። «ለሥልጠና ካልመጣሽ ቦታውን ለሌላ ልቀቂ» አልናት። ተነሥታ ወጣች፤ እኛም በቅጹ ላይ «አቋርጣለች» ብለን ጻፍን። ከዚያ እናቷ መጥተው ሲያስረዱን፣ ልጅቱ በሄደችበት ቤት ለአራት ዓመት በሌላ ስም ስትጠራ ኖራ የራሷ ስም ሲጠራ የማትሰማበት ጊዜ እንዳለ፣ በሌሊትም «መጣሁ፣ ማዳም» እያለች ከመኝታዋ እንደምትነሣ ነገሩን። ጎረቤት «ያዛት» ይላል። እናቲቱ ጠበል ወስደዋታል፤ ጥቂት ተሽሏት ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ግን «እብድ ትባልብኛለች» ብለው አልወሰዷትም ነበር።

ያን ዕለት ከአንድ አባት ጋር ሆነን ወደ ቤቷ ሄድን። አባታችን በክርስትና ስሟ ጠሯት። ዞር አለች። ሌላ ተአምር አልሆነም፤ ዞር አለች ብቻ። ጠበሉንም ሕክምናውንም አንድ ላይ እንድትከታተል አባታችን ራሳቸው እናቲቱን አሳመኑልን፤ ጠበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒት ቢወስድ ኃጢአት እንዳልሆነ ከእርሳቸው አፍ መስማቷ ከእኛ አንድ መቶ ሥልጠና ይበልጥ ነበር። ዛሬ ልጅቱ በጥሊሊ ገበያ ትሠራለች። ሙሉ ደኅና ናት ለማለት አንደፍርም፤ አንዳንድ ቀን ከቤት አትወጣም። በቅጹ ላይ የጻፍነውን «አቋርጣለች» የሚለውን ቃል ግን ሰርዘነዋል።

ከባዕድ ከተማ ጋር መላመድ ከባድ እንደሆነ ሁሉ፣ ከተላመዱ በኋላ ወደ ገዛ ቤት መላመድም ከባድ ነው። ከሪያድ የተመለሰች ልጅ የጥሊሊ ብርድ ያንቀጠቅጣታል፤ ጭሱ ዐይኗን ያቃጥላታል፤ ሰዓቱን ትሳሳታለች፤ አማርኛዋ ውስጥ «ያላ» እና «ኸላስ» ይገባል። በዚህ ጊዜ «ተለወጠች፣ ኮራች» የሚል ወሬ ከደጀ ሰላም ሲወጣ ሰምተናል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፈረስ ግልቢያ ለማየት ወጥታ «የዓረቧ መጣች» የተባለች ልጅ አልቅሳ ወደ ቤቷ የገባችበትን ቀን ዐይተናል። ለመሆኑ በዚያ «ሐበሻዋ» ስትባል ኖራ በዚህ «የዓረቧ» ከተባለች አገሯ የት ነው?

ከዚህ በኋላ የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ገንዘብ አይደለም። በየአጥቢያው አንድ ደብተር እንዲኖር እንፈልጋለን፤ የስጦታ መዝገብ ሳይሆን የሰው መዝገብ። በውስጡም የሄደችው ልጅ የክርስትና ስም፣ በፓስፖርቷ ያለው ስም፣ ያለችበት አገርና ከተማ፣ የአሠሪው ስልክ፣ የኤጀንሲው ስም፣ የውሏ ማብቂያ ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የንስሐ አባቷ ስም ይጻፍ። ደብተሩ የሚገልጠው ምስጢር ስለሆነ ለማንም አይታይ፤ አንድ ካህንና አንዲት የታመነች እናት ይያዙት። በወር አንድ ጊዜ፣ የአጥቢያው ታቦት መታሰቢያ በሚውልበት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ እነዚህ ሁለቱ ቁጭ ብለው የሦስት ልጆችን ቤተሰብ ይጠይቁ፤ መቼ ደወለች? ድምፅዋ እንዴት ነበር? ሁለት ወር ያልደወለች ካለች ለእኛ ይንገሩን፤ እኛም በበኩላችን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እናደርሳለን። ወንዶቹንም አትርሱ፤ በመተማ አልፈው በከተሞቹ ግንባታ ላይ ያሉ፣ ከእነርሱም የት እንደደረሱ የማይታወቁ አሉ።

በወረቀት ብዛት የሰለቻችሁ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም ከሚያሰለቹአችሁ መካከል ነን። ይህኛው ደብተር ግን ወደ ቢሮ አይላክም፤ ሪፖርትም አይጠየቅበትም።

ደብተሮቹን ይዘን መጥተናል፤ በአዳራሹ በር በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ አጥቢያ አንድ፣ አንድ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአጥቢያችሁን ስም ብቻ ጽፈናል። የዚያች የዕቃ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ዛሬ ከመካከላችን አሉ፤ ጠዋት ስንገባ «ሰባቱን ልጆች ጠይቄ ከተማቸውን አግኝቻለሁ፤ ሁለቱ ጅዳ፣ ሦስቱ ሪያድ፣ አንዷ ቤይሩት» ብለው በወረቀት ጽፈው ሰጥተውናል። ሰባተኛዪቱን ገና እየፈለጓት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።